ከሞተሩ ጉልበት በላይ ረጅም ባር አስሬ የደረሰብኝ

ይህን የምጽፈው በጎንደርና በዙሪያዋ ባሕር ዛፍ እየቆረጡ አጠናና ማገዶ በማቅረብ ለሚተዳደሩ፣ በተለይም በዕቁብ ወይም በብድር ገንዘብ አጠራቅመው የመጀመሪያ የሞተር መጋዛቸውን ሊገዙ ለተነሡ ወጣቶች ነው። እኔ በ2010 ዓ.ም. ስገዛ አንድ የሚያውቅ ሰው አጠገቤ ቆሞ ቢሆን ኖሮ መጋዜ ባልተቃጠለ፣ የእኅቴ ልጅም ለጥቂት ከሞት ባልተረፈ ነበር። ሰንሰለቱ የሚዞርበት ረጅም ብረት፣ እኛ ባር የምንለው፣ ርዝመቱ የሚወሰነው በሞተሩ ጉልበት ነው፤ ያ ጉልበት ደግሞ በእኛ ደጋ ላይ በወረቀት ከተጻፈው ያንሳል። ይህችን ለማወቅ አንድ ዓመት ሙሉና ብዙ ገንዘብ ፈጅቶብኛል።

በዚያ ዓመት የዕቁብ ዕጣ ወጣልኝ። አጎቴ በአምባ ጊዮርጊስ አቅራቢያ በእርሻው ዳር ለረጅም ጊዜ የቆዩ ባሕር ዛፎች ነበሩትና «መቁረጫ ካገኘህ እኩል እንካፈላለን» ብሎኝ ስለ ነበር፣ ገንዘቡ እጄ እንደ ገባ ወደ ሱቅ ሄድሁ። ባለ ሱቁ ሁለት መጋዞች አወጣልኝ። በሁለቱም ሞተር ላይ 58 ሲሲ፣ ማለትም የሲሊንደሩን ይዘት የሚያሳይ፣ ምልክት ተለጥፏል፤ በአንዱ ላይ 18 ኢንች፣ በሌላው ላይ 22 ኢንች ባር ታስሯል፤ የዋጋ ልዩነታቸውም ትንሽ ነበር። እኔ የዛፎቹን ውፍረት ለክቼ ስለ ነበር የሄድሁት፣ በልቤ የያዝሁት ስሌት ዛፉ ግማሽ ሜትር ከሆነ ብረቱ ከግማሽ ሜትር መብለጥ አለበት የሚል ብቻ ነበር። ስለዚህ ባለ 22 ኢንቹን፣ ማለትም 56 ሳንቲ ሜትር የሚሆነውን፣ መረጥሁ። ሞተሩ ያን ያህል ሰንሰለት በደረቅ ግንድ ውስጥ መጎተት ይችል እንደ ሆነ አልጠየቅሁም፤ ባለ ሱቁም አልነገረኝም። የመጀመሪያው ስሕተቴ ይህ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አታለሉኝ። በአዘዞ በኩል ለአጠና የሚሆኑ፣ ከአሥራ አምስት እስከ ሃያ ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸውን ባሕር ዛፎች ስቆርጥ መጋዙ እንደ ጎመን ይቀነጥሳቸው ነበር። ረጅም ባር በቀጭን እንጨት ላይ ድካሙ አይታወቅም፤ ሞተሩ የሚፈተነው ብረቱ እስከ ጫፉ እንጨት ውስጥ ሲቀበር ነው። ይሁን እንጂ አደጋው በቀጭኑም ላይ አለ፤ ከግንዱ ባሻገር ሠላሳ ሳንቲ ሜትር የሚሆን የባር ጫፍ ይወጣ ነበርና፣ አንድ ቀን ከዛፉ ጀርባ የነበረውን የድንጋይ ካብ ሳላስተውል ጫፉ ነካው። መጋዙ ሽቅብ ወደ ፊቴ ተወረወረ። ከፊት እጀታው ፊት ለፊት ያለው መከላከያ ክንዴን ነክቶ የሰንሰለቱን ፍሬን ባይዝልኝ ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። እናንተም የባሩ ጫፍ፣ በተለይ የላይኛው ሩብ፣ ምንም ነገር እንዲነካ አትፍቀዱ፤ ከሥራችሁ ውፍረት በላይ የሆነ ባር ስታስሩ የማታዩትን ጫፍ እያረዘማችሁ መሆኑን ዕወቁ።

ከጥምቀት በኋላ ወደ አጎቴ ዘንድ ወጣን። የእኅቴ ልጅ ረዳቴ ሆኖ አብሮኝ ነበር። ግንዶቹ ከአርባ አምስት እስከ ስልሳ ሳንቲ ሜትር የሚወፍሩ ነበሩ፤ የመጀመሪያውን ገና ስጀምር የሞተሩ ድምፅ ተለወጠ። ብረቱ ወደ እንጨቱ በገባ ቁጥር ድምፁ እየወፈረና እየዘገየ ይመጣና በመጨረሻ ሞተሩ እየጮኸ ሰንሰለቱ ይቆማል። ቀና ሳደርገው እንደገና ይዞራል። ከቀበቶ መቃጠል ጋር የሚመሳሰል ሽታ ከሽፋኑ ሥር ይወጣ ነበር። ሰጋቱራው፣ ጤነኛ ሰንሰለት ሲቆርጥ እንደ ተቆራረጠ ገለባ ሆኖ መውጣት ሲገባው፣ እንደ ጥሩ ዱቄት ይበን ነበር። ባሩን ለማየት ሳወጣው ጠርዙ ወደ ሰማያዊነት ተለውጦ አገኘሁት።

እነዚህ ሁሉ ምልክቶች አንድ ነገር እየነገሩኝ እኔ ግን በእያንዳንዱ ላይ የተሳሳተ ምክንያት ለጠፍሁ። ሽታውን የቤንዚኑ ጥፋት ነው አልሁ። ዱቄቱን የሰንሰለቱ መደነዝ ነው ብዬ ሞረድሁት፤ እርግጥ ሰንሰለቱም ደንዝዞ ነበር፤ ነገር ግን ከተሞረደ በኋላም ጥቂት ቆይቶ ያው ሆነ። ከዚያም በጉልበቴ ወደ ታች መጫን ጀመርሁ። ከሁሉ የከፋው ጥፋቴ ግን ካቻቪቴ አንሥቼ ካርቡሬተሩ ላይ ያለውን የከፍተኛ ፍጥነት ብሎን ማጥበቄ ነው። ሳጠብቀው ድምፁ ቀጥኖና ፈጥኖ ስለ ተሰማኝ ጉልበት የጨመርሁ መሰለኝ። በእርግጥ ያደረግሁት ከቤንዚኑ ጋር የሚገባውን ዘይት ጭምር ቀንሼ ፒስተኑን ማድረቅ ነበር።

በሦስተኛው ቀን አንድ ግማሽ ሜትር የሚወፍር ዛፍ ላይ ደረስን። በሚወድቅበት በኩል አፉን ከፍቼ፣ ከኋላው መቁረጥ ጀመርሁ። መሐል ላይ ስደርስ ሰንሰለቱ ቆመ፤ ነዳጅ ሰጠሁት፣ ጭስ ወጣ እንጂ አልተንቀሳቀሰም። ባሩን ለማውጣት ስታገል ነፋስ መጣና ዛፉ ወደ ኋላ ተመልሶ ብረቱ ላይ ተቀመጠበት። በእኔ በኩል ያለው ብዙ ተቆርጦ፣ በማዶው ጥቂት ብቻ ተነክቶ ስለ ነበር፣ ዛፉ ወደ የትኛው ወገን እንደሚሄድ ማንም ሊናገር አይችልም ነበር። የእኅቴ ልጅ «ጋሼ፣ ሽብልቅ ልምታበት» ብሎ መጥረቢያና ሽብልቅ ይዞ ተጠጋ። ሁለተኛውን ሲመታ ከውስጥ የመሰንጠቅ ድምፅ ተሰማ፤ ዛፉም ወደ ጎን፣ እርሱ ወደ ቆመበት፣ መጣ። ዘለለ። ግንዱ ከትከሻው አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት አልፎ መሬቱን ሲመታ እግሬ ከዳኝ። ልጁ ምንም አልሆነም፤ ነገር ግን በዚያ ቀን ሌላ ዛፍ አልነካንም። መጋዙም ከዚያ በኋላ አልተነሣም።

ጎንደር ይዤው ተመለስሁና ቅዳሜ ገበያ አካባቢ የሚሠሩ፣ በዕድሜ የገፉ አንድ መካኒክ ዘንድ ወሰድሁት። ያዩትን ሁሉ የሥራ ጠረጴዛቸው ላይ አንድ በአንድ ደርድረው አሳዩኝ። የሞተሩን ዙር ለሰንሰለቱ የሚያስተላልፈው የፍሪሲዮኑ ከበሮ እንደ ርግብ አንገት ሰማያዊና ሐምራዊ ሆኗል። የዘይት ፓምፑን የሚያዞረው የፕላስቲክ ማርሽ በሙቀት ቀልጦ ጥርሱ ጠፍቷል። የባሩ ሁለት ጠርዞች ዘይት አጥተው ተበልተዋል። ፒስተኑ በማርሚታው፣ ማለትም በጭስ መውጫው በኩል፣ በምስማር የተጫረ ይመስል፣ ከላይ እስከ ታች ተቧጥጦ ፋሻው፣ ማለትም የፒስተኑ ቀለበት፣ በቦታው ተጣብቋል። «የግመል ጭነት በአህያ ጭነህ ነው የገደልኻት፣ ልጄ» አሉኝ።

ከዚያም የሲሊንደሩን ስፋትና የፒስተኑን ጉዞ በካሊፐር ለኩ፤ 45.2 ሚሊ ሜትር በ34 ሚሊ ሜትር ሆነ። ሲሰላ 54.6 ሲሲ ነው እንጂ የተለጠፈው 58 አይደለም። ልዩነቱ ብዙ አይመስልም፤ ነገር ግን ለሚገዛ ሰው የሚነግረው ነገር አለ። ሲሲ ብቻውን ጉልበትን አይናገርም። ለምሳሌ ስቲል ኤም ኤስ 250 ሞተሩ 45.4 ሲሲ ሆኖ 2.3 ኪሎ ዋት ይሰጣል፤ ኤም ኤስ 381 ደግሞ በ72.2 ሲሲ 3.9 ኪሎ ዋት ይሰጣል። ስለዚህ ስትገዙ የኪሎ ዋቱን ቁጥር መመሪያው ላይ ፈልጉ፤ ኪሎ ዋት ያልተጻፈበትን መጋዝ በሲሲው ብቻ አምናችሁ ረጅም ባር አትሰሩበት።

ሽማግሌው ስለ ርዝመቱ ያስረዱኝ እንዲህ ነበር። የእኔ ሰንሰለት ስፋቱ፣ ማለትም የሦስት ተከታታይ ምስማሮቹ ርቀት ግማሽ፣ 0.325 ኢንች የሚባለው ዓይነት ነው፤ በዚህ ሰንሰለት ላይ አንድ ቆራጭ ጥርስ በየ3.3 ሳንቲ ሜትሩ ይገኛል። ሃያ ሳንቲ ሜትር የሚወፍር እንጨት ውስጥ በአንድ ጊዜ ስድስት ያህል ጥርሶች ይነክሳሉ፤ ሃምሳ ሳንቲ ሜትር ውስጥ ግን አሥራ አምስት ይሆናሉ። ሞተሩ አንድ ነው፤ የሚጎትተው ጥርስ ግን ከሁለት እጥፍ በላይ ሆነ። ጉልበቱ ሲያንስ ዙሩ ይወርዳል፤ ዙሩ ሲወርድ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያም ይዘገያል፤ ምክንያቱም ማራገቢያው ከሞተሩ ጋር አንድ ላይ የሚዞር ነው። እንግዲህ ሙቀቱ ከሁሉ በሚበዛበት ሰዓት ነፋሱ ይቀንሳል ማለት ነው። ሰንሰለቱ ቆሞ ነዳጅ ሲሰጠው ደግሞ ፍሪሲዮኑ ከበሮው ላይ እየተንሸራተተ ይግላል፤ ያ ሙቀት አጠገቡ ያለውን የዘይት ፓምፕ አቀለጠ፤ ዘይት ሲቋረጥ ባሩ ነደደ። ፓምፑ ደኅና በነበረበት ጊዜም ቢሆን የሚረጨው ዘይት ለአጭር ባር የተመጠነ ስለ ነበር እስከ ጫፉ በቅጡ አልደረሰም። እኔ አምስት የተለያዩ ብልሽቶች ናቸው ብዬ ያሰብሁት ሁሉ መነሻው አንድ ነበር።

ቀጥለው የተናገሩት ግን ከዚያ በፊት ከማንም ሰምቼው የማላውቀው ነው። ጎንደር ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደባርቅ 2,850 ሜትር ይደርሳል። አየሩ በሣሣ ቁጥር ሞተሩ በአንድ ዙር የሚስበው አየር ያንሳልና፣ በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ በመቶ ያህል ያጣል። ፋብሪካው በመመሪያው የጻፈው 2.3 ኪሎ ዋት ጎንደር ላይ 1.8 ገደማ፣ ደባርቅ ላይ 1.6 አካባቢ ይሆናል ማለት ነው። በቆላ አገር 20 ኢንች ሊሸከም የሚችል መጋዝ ወገራ ላይ 18 ወይም 16 ነው የሚፈልገው። እኔ ግን ለቆላም የሚበዛውን ባር ደጋ ላይ ወጥቼ አሰርሁት።

ስለ ካርቡሬተሩም መናገር አለብኝ፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ደጋ ስትወጡ አየሩ ስለሚያንስ ቤንዚኑ ይበዛበታል፤ ጥቁር ጭስና የጠቆረ ካንዴላ ታያላችሁ፤ ብሎኑን በመጠኑ ማጥበቅ ትክክል ነው። ነገር ግን ሙሉ ነዳጅ ሰጥታችሁ ባዶውን ስታሽከረክሩት ድምፁ ትንሽ መንተባተብ፣ እንጨት ሲነካ ደግሞ መጥራት አለበት። ባዶውን እየዞረ እንደ ፉጨት የቀጠነ ድምፅ ካወጣ ደርቋልና ወዲያው ፍቱት። ደባርቅ ላይ የተስተካከለ መጋዝ ወደ መተማ ቆላ ይዛችሁ ስትወርዱ ብሎኑን ሳትፈቱ አታስነሡት፤ ፒስተኑ ይነክሳል።

የጥገናው ዋጋ ከባድ ነበር፤ ሲሊንደር፣ ፒስተን፣ ፋሻ፣ ፍሪሲዮንና ፓምፕ ተቀየረ። ለዚህ ስል ከሁለት ወር በላይ የሰው መጋዝ ተከራይቼ ሠራሁ። ባሩን ወደ 18 ኢንች ስቀይር ደግሞ ሌላ ስሕተት ሠራሁና ሳይነገር እንዳይታለፍ። ባሩን ገዝቼ በሌላ ቀን ከሌላ ሱቅ «የ18 ኢንች ሰንሰለት ስጠኝ» አልሁት፤ ሰጠኝ። ቤት ወስጄ ስሞክረው አልገባም። የእኔ ባር ጎድጓዳ መስመሩ 1.5 ሚሊ ሜትር ሲሆን ሰንሰለቱ 1.6 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ቢገባም እንኳ አይበቃም ነበር፤ የእኔ ባር 72 መንጃ ጥርስ፣ ማለትም በመስመሩ ውስጥ የሚገባ የታችኛው ጥርስ፣ ይፈልጋል፣ ያ ሰንሰለት ግን 68 ብቻ ነበረው። ሁለቱም 18 ኢንች ይባላሉ። ስለዚህ ኢንች ብላችሁ ሰንሰለት አትግዙ። አሮጌውን ሰንሰለት መሬት ላይ ዘርግታችሁ፣ በባሩ መስመር ውስጥ የሚገቡትን የታችኛዎቹን ጥርሶች አንድ በአንድ ቁጠሩ፤ አንዱን በኖራ ወይም በቀለም ምልክት አድርጋችሁ ብትጀምሩ አይምታታባችሁም። የሰንሰለቱ ስፋት፣ የመንጃ ጥርሱ ውፍረትና የመንጃ ጥርሱ ብዛት፣ ሦስቱም በአብዛኛው ባር ላይ ከሞተሩ በኩል ባለው ጫፍ ተቀርጸው ይገኛሉ፤ በስልካችሁ ፎቶ አንሥታችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ሰንሰለቱ የሚጋልብበት ባለ ጥርስ ማርሽም ከሰንሰለቱ ስፋት ጋር አንድ መሆን አለበት።

በዚህ አጭር ባር የመጀመሪያውን ወፍራም ግንድ ስቆርጥ ሌላ መጋዝ የያዝሁ መሰለኝ። ድምፁ አልወረደም፤ ሰጋቱራው እየተቆራረጠ እግሬ ላይ ይወድቅ ነበር። «ግን ባሩ ለዛፉ አጠረ» የሚል ካለ እንዲህ እናደርጋለን። አፉን በሚወድቅበት በኩል ከሁለቱም ጎን እየገባን እንከፍታለን። ከኋላ ስንቆርጥ መጀመሪያ በማዶው በኩል ዞረን የምንችለውን ያህል እንቆርጣለን፤ ሽብልቅ እናስገባለን፤ ከዚያ ወደዚህኛው ጎን ተመልሰን በዚያው መስመር እንጨርሳለን፤ መሐል ላይ እንደ ማጠፊያ ሆኖ ዛፉን የሚመራውን እንጨት ግን ከዳር እስከ ዳር እኩል ውፍረት አድርገን እንተወዋለን። በዚህ መንገድ በ18 ኢንች ባር ሰባ ሳንቲ ሜትር የሚወፍር ዛፍ ጥያለሁ። ጊዜ ይወስዳል፤ ነገር ግን ሰንሰለቱ መሐል ላይ ቆሞ ዛፍ አላጠመደኝም። ሽብልቁን የፕላስቲክ ወይም የእንጨት አድርጉት፤ ብረት ከሰንሰለት ጋር ከተገናኘ ጥርሱ ያልቃል። ረዳታችሁም ዛፉ ከሚወድቅበት አቅጣጫ በስተኋላ በሰያፍ የሚሸሽበትን መንገድ አስቀድሞ አጽድቶ ይቁም። በዚያ ቀን ይህን አላደረግንም ነበር።

አሁን ለሚጠይቁኝ ሁሉ የምነግራቸው ልክ ይህ ነው። ከ35 እስከ 42 ሲሲ ለሆነ መጋዝ 14 ኢንች፣ ቢበዛ 16። ወደ 50 ሲሲ ለሚጠጋ 16፣ ቢበዛ 18። ለ60 ሲሲ 18፣ ቢበዛ 20። ለ70 ሲሲ 20፣ ቢበዛ 24። ከ28 ኢንች በላይ የሚያስፈልገው ሰው 90 ሲሲ ይፈልግ። «ቢበዛ» ያልሁት ለስላሳ እንጨትና ዝቅተኛ አገር ላይ ለሚሠራ ነው፤ ጎንደር፣ ዳባትና ደባርቅ ላይ ደረቅ ባሕር ዛፍ የምንቆርጥ ሰዎች ከትንሹ ቁጥር ባናልፍ ይሻለናል። ወይራን ለመሰለ ጠጣር ደረቅ እንጨት ደግሞ ከዚያም ዝቅ ብትሉ አትጸጸቱም። በተቃራኒው ትልቅ ሞተር ላይ አጭር ባር ማሰር ሞተሩን አይጎዳውም፤ ግን ያን ሁሉ ክብደት ቀኑን ሙሉ ለአጠና መሸከም ወገብ ይቆርጣልና ለቀጭን ሥራ ትንሽ መጋዝ ግዙ። ያገለገለ መጋዝ የምትገዙ ከሆነ ማርሚታውን አስፈትታችሁ በቀዳዳው ፒስተኑን በባትሪ ተመልከቱት፤ የተቧጠጠ ከሆነ ባሩ የቱንም ያህል ቢያምር ተዉት።

የእኅቴ ልጅ ዛሬ የራሱ መጋዝ አለው፤ 16 ኢንች ባር ነው ያሰረበት። ጠዋት ጠዋት ሥራ ሳይጀምር የሚያደርጋትን ነገር እናንተም አድርጉ። ባሩን ከአንድ ነጭ ጉቶ ወይም ካርቶን በስንዝር ርቀት ላይ አነጣጥሮ ሞተሩን ለጥቂት ሴኮንድ ያስጮኸዋል። ከጫፉ የተረጨ የዘይት መስመር ጉቶው ላይ ካየ ሥራውን ይጀምራል። መስመሩ ካልታየው ሞተሩን ያጠፋና ባሩን ፈትቶ የዘይቱን ቀዳዳ በሽቦ ይጠርጋል፤ ያኔም ካልረጨ በዚያ ቀን አይቆርጥበትም።